በጾም ድስት ዓሣ የቀቀልሁ ሰሞን

ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ከዓሣ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም፤ ስለ ዓሣ የሚያስተምረኝ ሰው አለ ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር። በቅርቡ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ያለች ዋንዛ ሜዳ የምትባል መንደር ሰንብቼ ተመለስሁ። ደንበኞቼ ወደዚያ ሄደው አያውቁም፤ የሚሄዱም አይመስለኝም። ነገር ግን በመጡ ቁጥር «እስኪ እትዬ ሙሉ፣ ምን አየሽ?» ይሉኛል። እኔም ማውራት ስጀምር ዓሣው እያረረብኝ ስለተቸገርሁ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብያለሁ።

የሄድሁበት ጉዳይ ይህ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ ገበሬዎች ኩሬ ቆፍረው ከጣና የተወሰደ ቀረሶ የሚባል ዓሣ ጫጩት ማርባት ጀምረዋል። ዓሣው አድጓል፤ የሚበላው ሰው ግን አልተገኘም። የመንደሩ ሕፃናት ደግሞ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ እየቀረ ነው። የሕፃናትን አመጋገብ የሚያስተምር አንድ ማኅበር ቤቴ ድረስ መጥቶ «ሄደሽ ለእናቶች አሠራሩን አሳዪልን» አለኝ። የገና ጾም መግባቱን ሲያነሡብኝ «እንዲያውም ጥሩ ነው! ሥጋው ሲጠፋ ዓሣው ቦታ ያገኛል» ብዬ መለስሁላቸው። እኛ ዘንድ በጾም ዓሣ ቤት ይሞላል እንጂ አይጎድልም። ይህችን ያልኋትን አንባቢ ይያዝልኝ።

ሰኞ

ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የብረት መጥበሻዬና አንድ ፌስታል የዓሣ ቋንጣ አለ። ቢላዬን ለሰው ስለማላምን በእጅ ቦርሳዬ ይዣታለሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ በሩ እንደተዘጋ ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ!» አለች። መስኮት ተከፈተ፤ ብርዱ ገባ፤ ሽታው ግን አልወጣም። ረዳቱ እያሸተተ እኔ ጋ ደረሰና «እናት፣ ይቺ ሻንጣ ላይ ትውጣ ወይስ አብረው ይወጣሉ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቋንጣዬ የሰደበችኝ ያህል ተሰማኝ፤ ምን ይደረግ፣ ሻንጣው ላይ ወጣ።

እንጅባራ ስንደርስ ሰዉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ በፈረስ ይሄዳል። እኛ ጥላ ስንፈልግ ነው የምንውለው፤ እነሱ ደግሞ ፀሐይዋ የወደቀችበትን እየፈለጉ ይቆማሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ ሙዝ በመስኮት ገዛሁና ስለ ሽታው ካሣ ይሆነኛል ብዬ ለጎረቤቶቼ አደልሁ። ያቺ «የሞተ ነገር አለ» ያለችው ሴት ሳትቀር ተቀበለችኝ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደምበጫ ስለ ልጆቿ ስታጫውተኝ ሄደች። ደምበጫ ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ወረደች፤ ጆንያና ሻንጣም ከላይ ወረደ።

ደብረ ማርቆስ ደርሰን ዕቃ ሲወርድ የኔ ሻንጣ የለም። በቦታው ባለቤት የሌለው የድንች ጆንያ ተቀምጧል። ረዳቱ በመላእክት ሁሉ ማለ፤ ደምበጫ ደውሎ እንደሚጠይቅም ቃል ገባልኝ። መጥበሻ የሌላት ዓሣ ጠባሽ ከነቢላዋ ማርቆስ ገባች።

ያደርሁበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ብርድ ልብሱ በግ የተኛበት ያህል ይከብዳል። ውኃ ስለሌለ በጀሪካን አመጡልኝ፤ ሐይቅ ዳር ለኖረ ሰው በጣሳ መታጠብ ትልቅ ትሕትና ነው። ለእራት ዓሣ እንዳላቸው ስጠይቃት አስተናጋጇ ልጅ ደንግጣ አየችኝ። «ዓሣ? በጾም?» አለችና ሽሮ አመጣችልኝ። ከሐይቅ ስለራቁ ነው ብዬ አለፍሁት። ሽሮው ግን እውነቱን ለመናገር ከእኛው ይበልጣል።

ማክሰኞ

ደብረ ኤልያስ መናኸሪያ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባንቺአምላክ ተቀበለችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትሄድ መሬት የማትነካ የምትመስል ልጅ ናት። ከመንገዱ ወጥተን በሚታጨደው ጤፍ መካከል በእግር ሄድን። እኛ ዘንድ ዓይን ሩቅ ሲያይ የሚያርፈው ውኃ ላይ ነው፤ እዚያ እህል ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ እህል የሚያበቅል አገር ልጆቹ እንዴት አያድጉም ብዬ ባንቺአምላክን ጠየቅኋት። «ሆዳቸውማ ይሞላል እትዬ። ቂጣውም እንጀራውም አለ። አጥንት የሚያረዝመው ነው የሚጎድለው» አለችኝ።

ያረፍሁት ያረጋልና ጥሩዓለም የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ነው። ኩሬውም የእነሱ ነው። ጥሩዓለም ገና ሳትተዋወቀኝ ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ የከተማ ጫማዬ ያላጠውን ተረከዜን ስታይ «እኔን!» ብላ ቅባት ፈለገች። እነሱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። መንገደኛ ነሽ ብለው ሊያቀርቡልኝ ሲሉ አፍሬ «እጠብቃለሁ» አልሁ። አንጀቴ እየጮኸ ጠበቅሁ። ከዚያ የመጣው የሱፍ ፍትፍትና ጎመን ግን ተጠብቆ የሚበላ ነው።

ያረጋል ኩሬውን አሳየኝ። ከምንጭ ቦይ ስቦ፣ ዳሩን በድንጋይ ክቦ፣ አሳምሮ ሠርቶታል። ቀረሶዎቹ ወደ ላይ ብቅ ሲሉ የአገሬን ልጆች በሰው አገር እንዳገኘሁ ልቤ ደስ አለው። ያረጋል ግን አልሳቀም።

«እዚህ ላይ ነጭ ሽንኩርት ነበር እትዬ» አለኝ። «ጥሩ ገበያ ነበረው። ጎረቤት አሁን "ያረጋል እንቁራሪት ያረባል" እያለ ይስቅብኛል። እርስዎ አስተምረው ሰው ከበላው በላው። ካልበላው የገና በዓል ሳይደርስ ውኃውን አፈስስና ሽንኩርቴን እተክላለሁ።»

ኩሬውን ያስቆፈረችው ጥሩዓለም ናት። ምክንያቷ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣለች፤ ማሬ ትባላለች፣ ሁለት ዓመት አልፏታል። ባንቺአምላክ የቁመት መለኪያ ሰሌዳዋን ዘርግታ ለካቻትና ከዕድሜዋ ማነሷን መዝግባ ሰሌዳውን አጠፈች። ነገሩን ያየሁት ግን በሰሌዳው አይደለም። ቤቱ ግድግዳ ላይ በጭቃ የተሠራች መደርደሪያ አለች፤ ቂጣ ይቀመጥባታል። ከማሬ ጋር በአንድ ሰሞን የተወለደች የጎረቤት ልጅ ሮጣ ገባችና እጇን ሰድዳ ቂጣ አንሥታ ወጣች። ማሬ ተከትላት ተንጠራራች፤ እጇ ከመደርደሪያዋ በታች ግድግዳውን ዳበሰ። ከዚያ ቁጭ ብላ ወደ እናቷ አየች። የኔ የልጅ ልጅ በማሬ ዕድሜ ወንበር ላይ ወጥታ ስኳር ትሰርቅ ነበር፤ እሷን አስታወስሁና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«በስብሰባ "መቀንጨር" ይሉናል» አለችኝ ጥሩዓለም ቂጣውን ለማሬ እየቆረሰችላት። «እኛ አቀንጭራ የምናውቀው ማሽላ የሚያደርቀውን አረም ነው። ልጅሽን እንዲህ ያለ ነገር ይዟታል ሲሉኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ከዚያ ያረጋልን ኩሬ ቆፍርልኝ አልሁት።»

ረቡዕ

እናቶቹን የማስተምርበት ስብሰባ ሐሙስ ነው። እኔ ግን የማሬ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ጥሩዓለም ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ያረጋልን ሁለት ቀረሶ በመረብ አስወጣሁት። እሱ ሰጥቶኝ ወደ አጨዳው ሄደ። መጥበሻዬ ደምበጫ ቀርቷል፤ ምድጃው አጠገብ አንዲት ምን የመሰለች የሸክላ ድስት አገኘሁ። ዓሣውን ጠርቤ፣ አጥንቱን ለቅሜ፣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ቀቀልሁት። ማሬ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ቀጥላ ጣቴን ላሰች። ከዚያ በሁለት እጇ ሳህኑን ያዘች። እንዲህ ስትበላ ማየት ደስ ይላል፤ «አየሽ፣ ይኸው ነው ሙያ» እያልሁ ራሴን አሞገስሁ።

ጥሩዓለም እንስራዋን አዝላ በር ላይ ቆመች። ሽታው ቀድሞ ደርሷታል። ድስቷን አየች፤ ልጇን አየች፤ እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«በላችልሽ እኮ!» አልኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለችና እንስራዋን አወረደች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ወጥ አልቀረበም። ያረጋል ደረቅ ቂጣ በበርበሬ እየነከረ በላ፤ ጥሩዓለምም እንደዚያው። ለእኔ ከጎረቤት ምስር ተለምኖ መጣልኝ። ምንም አልገባኝም። ደክሟት ይሆናል ብዬ በማግሥቱ ወጥ እኔ እንደምሠራ ነገርኋት፤ ያረጋል ትን አለው።

ያስረዳችኝ ባንቺአምላክ ናት፤ ወደ ውጭ ጠርታ። በዚያ አገር ቅበላ ሲያልቅ የሥጋና የወተት ድስት ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፋሲካው እስከ ገናው አይወርድም። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው። እኔ ዓሣ የቀቀልሁት በቤቱ ባለችው አንዲት የጾም ድስት ነበር።

«ታዲያ ይታጠባላ» አልሁ።

«ብረት ቢሆን ይፋቅ ነበር እትዬ። ሸክላ ይጠጣል። ለጾም አይመለስም።»

«ዓሣ እኮ የጾም ነው!»

ባንቺአምላክ መሬት መሬት አየች። እኔም ተናደድሁ፤ አፈርሁም። ንዴቱ ግን በለጠና ነገ በስብሰባው ላይ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ዛትሁ።

ሐሙስ

ስብሰባው ጤና ኬላው ግቢ ካለው ግራር ሥር ነበር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ባንቺአምላክ ከጤና ኬላው ብረት ድስት አውጥታልኝ ስለነበር ዓሣውን አሳምሬ ሠራሁ። አጥንት ስለመልቀም ስናገር በደንብ ሰሙኝ። አንዲቱ እንዲያውም ልጅ እንዳያንቅ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቀችኝ። ነገሩ ሊሠምር ነበር። እኔ ግን ትናንት የዛትሁትን አልረሳሁም።

«እናንተ ዓሣ ጾም ያስገድፋል ትላላችሁ» አልሁ። «እኛ ባሕር ዳር እናቱም አባቱም በጾም ዓሣ ይበላል፤ ማንም አልተቀሠፈም። ኑ፣ እናንተም ቅመሱ!»

መቋሚያ የያዙ አንዲት አሮጊት ተነሡ፤ እማማ አንጓች ይባላሉ። ብዙ የልጅ ልጅ ያላቸው፣ መንደሩ የሚፈራቸው ሴት ናቸው።

«የኔ እመቤት» አሉኝ፣ «የመጣሽው ልጆቻችንን ልታሳድጊ ነው ወይስ እኛን ልታስገድፊን? ለልጆቹ ከሆነ ሰምተንሻል። ጾማችንን ከሆነ ግን እንደ አመጣጥሽ ተመለሽ።»

ይህን ብለው ወጡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያራገፉ ተከተሏቸው። ያቺ ስለ አጥንት የጠየቀችኝ ሴት ብቻ ዞር ብላ ትሪውን አየች፤ እሷም ሄደች። ዓሣው ቀዝቅዞ የውሻ ሲሳይ ሆነ።

ቤት ስንደርስ ያረጋል ዶማውን ግድግዳ አስደግፎ «በቃ፣ ሽንኩርት ነው» አለ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ያ ነው የከፋኝ። ጥሩዓለም ማሬን አቅፋ ወደ ኩሬው ሄደችና እዚያ ቆየች። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ ምላሴን ረገምሁ። ሰው ያልጠየቀኝን ጾሙን ላስተምር ገብቼ የአንዲት ሕፃን ጉርሻ ደፋሁ።

ዓርብ

ጠዋት ጥሩዓለም ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ወዴት ነሽ አልኋት። «ወደ ነፍስ አባቴ። የድስቱን ልናገር» አለችኝ። «እኔም እመጣለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁና አንድ ቀረሶ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ተከተልኋት።

ቄስ አዳሙ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን ጥሩዓለም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እኔን አንድ ጊዜም «እሷ ናት» ብላ አልከሰሰችኝም፤ «እንግዳ ስላልነገርሁ» እያለች ጥፋቱን ወደ ራሷ ወሰደችው። አባ የቅጠሉን ጥቅል እንድፈታ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ዓሣውን ገለባበጡት።

«ቅርፊት አለው» አሉ በጥፍራቸው እየፋቁ። «ክንፍም አለው። ኦሪት ከከለከለችው አይደለም።»

«እንግዲያስ የጾም ነው አባታችን!» አልሁ።

«እሱን አላልሁም ልጄ። የባሕር ዳሩን የባሕር ዳር ካህናት ያውቃሉ። በዚህ ደብር ዓሣ ፍስክ ነው።»

አፌን ልከፍት ስል ጥሩዓለም ጭኔን ቆነጠጠችኝ። መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ከጠቀሙኝ ቁንጥጫዎች አንዱ ነው።

አባ ገመዳቸውን እየፈተሉ ቀጠሉ። «ፍስክ ከሆነ የማን ነው? የማይጾም ሰው ነው። ማሬ ትጾማለች?»

«ኧረ ገና ሕፃን ናት አባቴ» አለች ጥሩዓለም።

«ታዲያ ማን ከለከላት? ሕፃን አይጾምም ብዬ አስተምር የለም ወይ? እናቶች ለምንድን ነው የማታበሏቸው?»

ጥሩዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «በምን ድስት አባቴ?» አለች።

የአባ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

«የፍስኩ ድስት ቆጥ ላይ ነው» አለች ጥሩዓለም። «በጾም እሱን ማውረድ ነውር ነው፤ ለአንድ ልጅ ተብሎ ማን ያወርዳል? ጭስ ሲያዩ "እነ እገሌ ሊገድፉ ነው" ይላሉ። በጾሙ ድስት እንዳልሠራላት ደግሞ ይኸው እንዳዩት ነው። ላሟ ነጥፋለች፤ እንቁላሉ ለገበያ ይወጣል። ስለዚህ እኛ ስንጾም ልጁም ይጾማል። ዓመቱን ሙሉ ጾም መቼ ይጠፋል?»

«ይህን ያህል ዘመን ሕፃን አይጾምም ስል ስለ ድስቱ የነገረችኝ ሴት የለችም» አሉ አባ። «እኔም ጓዳ ገብቼ አላውቅ።» ቀና ብለው ጥሩዓለምን አዩዋት። «ያ የጠጣው ድስት ለጾም አይመለስም አይደል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያስ የማሬ ይሁና። ውጭ ለብቻው ይጣድላት፤ ማማሰያውም ለብቻው። ለጎረቤትሽ እኔ እናገራለሁ።»

ጥሩዓለም ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስሁ። አባ «ሴቶች ለዚህም ታለቅሳላችሁ» ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ

ለጥሩዓለም ምትክ የጾም ድስት መግዛት የኔ ዕዳ ስለሆነ ገበያ ወጣን። ሸክላ ሠሪዋ ድስቶቿን ሳር ላይ ዘርግታለች። ጥሩዓለም እያንዳንዱን በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ስትሰማ እኔ የዓሣውን ዓይን አይቼ ስመርጥ ትዝ አለኝ። አንዱን መረጠች። ትልልቁ አጠገብ ደግሞ በሁለት እጅ የሚታቀፉ ትንንሽ ድስቶች ነበሩ። ስለ አጥንት የጠየቀችኝ የሐሙሷ ሴት አንዷን አንሥታ እያገላበጠች ነበር። ወሬው እንዴት እንደቀደመን አላውቅም። እኔን ስታይ ደንግጣ መልሳ አስቀመጠችው፤ ጥሩዓለም ቀስ ብላ መልሳ አስያዘቻት።

ያን ቀን አዲሱን ድስት በተልባ ስናሟሽ ዋልን። ጥሩዓለም የተበላሸችውን ድስት ጆሮ ላይ ከሌላው እንዲለይ ቀይ ክር አሰረችበት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባ ቆመው ተናገሩ። ረጅም አልነበረም። «ዓሣን የጾም ነው ብሎ የሚበላ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «ሕፃን ልጁን የሚያስጾምም ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ድስት ለይታችሁ አብሏቸው።»

ያረጋል ግቢ ውስጥ ሦስት ጉልቻ ተተከለና ቀይ ክር የታሰረባት ድስት ተጣደች። ሴቶቹ መጡ፤ እንደ ሐሙሱ አልበዙም፤ ግን ቀረብ ብለው ቆሙ። እኔም ያን ሳምንት እንደ አገሩ ልጾም ወስኜ ነበር። ዓሣው ሲፈላ ልማዴ ሆኖ ማማሰያውን ወደ አፌ ሳነሣ «እጅሽን!» የሚል ድምፅ አስደነገጠኝ። እማማ አንጓች ናቸው፤ ከአጥሩ በኩል።

«ታዲያ ጨዉን ማን ይቅመስልኝ እማማ?» አልሁ።

«ልጆቹ ለምን መጡ?» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልቀምስ አብስዬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ምላሴን ለማሬ አስረከብሁ። ሲቀዘቅዝላት ቀመሰች። ፊቷን አኮሳተረች። ከዚያ አፏን ከፍታ ለሌላ ጠበቀች።

«ጨዉ ልክ ነው» አሉ እማማ አንጓች።

አጥንቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሹ መፈለግን አሳየኋቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው አብረውኝ ለቀሙ። ልጆቹ ተሰልፈው በሉ። የበዛው ሲያልቅ እማማ አንጓች ከነጠላቸው ሥር አዲስ ትንሽ ድስት አውጥተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለታናሹ የልጅ ልጄ ውሰጂና ጨምሪለት። ተሟሽቷል» አሉ። ቃሉ ደረቅ ነው፤ ሐሙስ ያሳፈሩኝን ያህል ግን አስደሰቱኝ። ያረጋልን ስፈልገው ዶማውን ይዞ ወደ ኩሬው ወርዷል። ሽንኩርቱን ሊተክል መስሎኝ ደንግጬ ተከተልሁት፤ የተደፈነ የቦይ አፍ እየከፈተ ነበር።

ሰኞ

ስሸኝ ጥሩዓለም የማሬን ድስት አጥባ የጭቃዋ መደርደሪያ ላይ አኖረቻት። ማሬ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም። አለቀሰች። «አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ» ብዬ ሳምኋት፤ ውስጤ ግን ፈራ። እኔ እሄዳለሁ፤ ከገና በኋላ ሁዳዴ አለ፣ ረጅም ነው። ወሬ በወሬ ይሽራል፤ ድስቷም አንድ ቀን ሽንብራ ተቆልቶባት ትረሳለች እያልሁ ስጨነቅ መንገዱ አለቀ።

ደምበጫ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ያቺ ስለ ልጆቿ ያጫወተችኝ ሴት መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ብቅ አለች። በድንች ጆንያዋ ፋንታ የወረደላትን ሻንጣዬን ይዛለች። ረዳቱ ደውሎላት ኖሮ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ስትወጣ ሰንብታለች። «መጥበሻዎን አጥቤዋለሁ። ቋንጣውን ግን አልነካሁም፤ ጾም ነው» አለችኝ። ድንቿም ደርሷታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ዓሣና ጾም እሰብክላት ነበር። አሁን ግን ፌስታሉን አውጥቼ «ትንንሽ ልጆች አሉኝ ብለሽኝ አልነበር? እነሱ አይጾሙም» አልሁና ሰጠኋት። ድስት ስለ መለየትም ሚኒባሱ እስኪጮህብኝ ነገርኋት።

ባሕር ዳር ገብቼ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ሁዳዴ ገብቶ ቤቴ እንደ ልማዱ ሞላ። ዓሣ ስገለብጥ ስልኬ ጮኸ፤ ጥሩዓለም ናት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«እትዬ፣ ድስቷ ተሰበረች» አለችኝ።

ያ የፈራሁት ነገር መጣ ብዬ «ማን ሰበራት?» አልሁ።

«ማሬ!» አለች፤ እየሳቀች እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ወጥ ቤት ሆኜ ዓሣ ስጠርብ፣ ከመደርደሪያዋ ራሷ ላወርዳት ብላ ጎተተቻት። ደረሰች እትዬ! እጇ ደረሰ!»

ልጅ መቼም ያድጋል፤ ዓሣው ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ምድጃው ፊት ቆሜ እንባዬን በጉርድ ቀሚሴ ስጠርግ ደንበኞቼ ሽንኩርት የከተፍሁ መሰላቸው።

«ታዲያ አሁን በምን ትሠሪላታለሽ?» አልኋት።

«ቅዳሜ ሌላ ገዝቻለሁ» አለችኝ። «ከፍ አድርጌ ሰቅየዋለሁ። እስኪ ደግሞ እዚያ ትድረስ።»